«የሚወጣውን ቁጥር እናውቃለን» ለሚሏችሁ



ሰሞኑን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ደብተር ይዞ መጣ። ያለፉትን የሎተሪ ዕጣዎች አንድ በአንድ መዝግቧል። «ኡስታዝ፣ ይሄ ቁማር አይደለም፤ ስሌት ነው። 7 ቁጥር ከወጣች ቆይታለች፤ አሁን ተራዋ ነው» አለኝ። «ስሌቱን» የገዛው ቴሌግራም ላይ ነው፤ የከፈለውም ለእቁብ ካስቀመጠው ብር።

እስቲ ስሌቱን በስሌት እንየው። ለምሳሌ ከ49 ቁጥሮች 6 በሚወጣበት ሎተሪ 13,983,816 የተለያዩ ዕጣዎች አሉ። በየሳምንቱ አንድ ብትቆርጥ ሁሉንም ለማዳረስ ከ268 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። «ተራዋ ደርሷል» የሚባል ነገርም የለም። እያንዳንዱ ዕጣ አዲስ ነው፤ ኳሷ ባለፈው ሳምንት ማን እንደወጣ አታስታውስም። እ.ኤ.አ. በ1913 ሞንቴ ካርሎ በሚገኝ ቁማር ቤት የሩሌት ኳስ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች። «አሁንስ የቀይ ተራ ነው» ያሉ ብዙዎች ገንዘባቸውን ተበሉ።

ደግሞስ ሻጩ ቁጥሩን ካወቀ ለምን ራሱ አይቆርጥም? ለመቶ ሰው መቶ ዓይነት ቁጥር ቢልክ አንዱ ሊቀናው ይችላል። ቻናሉ ላይ የሚለጠፈው የእሱ ስክሪንሾት ነው፤ 99ኙን ማን ያያቸዋል?

ወደ ዲናችን ስንመጣ፣ ሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 90 ላይ ቁማርና አዝላም አብረው ተከልክለዋል። አዝላም የጃሂሊያ ሰዎች ዕድላቸውን የሚጠይቁባቸው ቀስቶች ናቸው። ትኬቱ ቁማር ነው፤ ህልም ፈትቶ ወይም የስምህን ፊደል ቆጥሮ «የነገው ቁጥር ይህ ነው» የሚልህ ደግሞ ወደ አዝላም እየወሰደህ ነው። ሩቁን ነገር (ገይብን) የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ሒሳብ ራሱ ጥፋት የለበትም። አል-ኸዋሪዝሚ በአልጀብራ መጽሐፉ የውርስ ድርሻን አስልቷል፤ እያንዳንዱ ሐቁን እንዲያገኝ። የአንተ ስሌት ግን የሌላውን ብር ያለ ልፋት ለመውሰድ ነው።

የወጣቱን ደብተር አልቀደድኩበትም። «በጀርባው እስካሁን ያወጣኸውን ብር ጻፍ» አልኩት። ደምሮ ሲጨርስ አንገቱን ደፋ።

ወንድሜ፣ አንተም ዛሬ ማታ ደምረው። ከዚያ ከግሩፑ ውጣ፤ የተውበት በር ክፍት ነው። አላህ በሐላሉ ያብቃቃን። አሚን!