የማረሚያ ቤት ፖሊስና የአእምሮ ጤና፦ እርዳታው ከየት ይጀመር?

ስለ ማረሚያ ቤቶች ማሻሻያ ሲነሳ የምንሰማው በአብዛኛው ስለ ታራሚዎች አያያዝ ነው፤ ተገቢም ነው። አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ከወጣ ወዲህም ወሬው ከዚያ ብዙ አልራቀም። በር ላይ ስለሚያድረው ሰው ጤና ግን የሚናገር ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች እንኳ ሥራው አድካሚ መሆኑን ተቀብለው፣ የሠራተኞቹ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ይህን ያገናዘበ እንዲሆን ይጠይቃሉ።

እኔ ጋ የሚመጡ አባላት «ተጨንቄአለሁ» አይሉም። ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ ወገብ ነው የሚሉት። አንዳንዱ ለታይፎይድ ሁለት ሦስት ጊዜ ታክሟል። ነገሩ የሚወጣው ስለ እንቅልፍ ስጠይቅ ነው። ከሌሊት ጥበቃ በኋላ ቀን መተኛት አለመቻል፣ በር ሲንኳኳ መደንገጥ፣ በልጅ ላይ መጮህ፣ ያዩት ድብድብ ወይም ራሱን ያጠፋ ታራሚ በሕልም እየመጣ ማስቸገር። ለመንቃት ጫት፣ ለመተኛት መጠጥ ይታከልበታል።

ለምን ቀድመው አይመጡም? የባለሙያ እጥረት አለ። በእኔ እይታ ግን የሚብሰው ፍርሃት ነው፤ መሣሪያዬን ይነጥቁኛል፣ ዕድገት ይቀርብኛል፣ አበደ እባላለሁ የሚል። ፍርሃቱን ከንቱ ነው አልላችሁም። በግቢው ክሊኒክ መታየት ከከበዳችሁ ከግቢ ውጪ ባለ ጤና ጣቢያ ጀምሩ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ። ከበድ ካለ የሥነ አእምሮ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይልኳችኋል፤ አዲስ አበባ ላይ ለምሳሌ ወደ አማኑኤል። የታካሚን ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። የሕመም ፈቃድ ካስፈለገም ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ አታቋርጡ። ሱስ አያስይዝም። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ሊያንቀጠቅጠውና ሊጥለው ስለሚችል መጠጥ ማቆም በሐኪም ክትትል ይሁን።

ለቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር። ባላችሁ፣ ልጃችሁ ወይም እህታችሁ «መኖር ሰለቸኝ» ካሉ፣ ስንብት የሚመስል ነገር ከተናገሩ፣ ስለ ራስ ማጥፋት በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። በዚያ ሰዓት ዋናው አደጋ አጠገብ ያለው መሣሪያ ነው። ቤት ውስጥ ካለ ሰውየውን አሳምናችሁ፣ በሚያምነው የሥራ ባልደረባ በኩል ወደ ክፍሉ ይመለስ፤ ራሳችሁ ለመንጠቅ አትታገሉ። ብቻቸውንም አትተዉአቸው፤ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችኋቸው ሂዱ።