ሰውነት በራሱ ላይ ሲነሣ ልቡናም ይዝላል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ከሚሴን የሚያውቅ ሰው ገበያዋንም ያውቃል። ኦሮምኛውና አማርኛው ባንድ አፍ ይነገርበታል፤ ሻጪቱ ለአንዱ ገዥ በኦሮምኛ ዋጋ ነግራ ሳትጨርስ ለሌላው በአማርኛ ትመልሳለች፤ በዚያው ቅጽበት በርበሬ ትሰፍራለች፣ መልስም ትቈጥራለች። እንግዲህ እንዲህ ያለች ብርቱ ሴት፣ ዕድሜዋ ገና ሠላሳ ሳይሞላ፣ ቀስ በቀስ ሒሳብ ይምታታባት ጀመር እንበል። የጀመረችው ነገር ከአፏ ይጠፋባታል፤ ድስት ጥዳ ትረሳዋለች፤ አንዱን ልጅ በሌላው ስም ትጠራለች። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አብጠው አንታዘዝም ይሏታል፤ ጠጕሯም ይሳሳል። ፀሐይ በመታት ቍጥር ከአንዱ ጕንጭ እስከ ሌላው፣ በአፍንጫዋ ላይ አልፎ፣ የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስል ሽፍታ ይወጣባታል። ሽፍታው በጠይም ገጽ ላይ ከመቅላት ይልቅ ጠቈር ብሎ ሊታይ ይችላልና ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያሽላታል። ባሏ «ሰነፍሽ» ይላታል። አማቷ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ታስባለች።

ይህች ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ ምች መትቷትም ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች ሉፐስ ብለው የሚጠሩት ሕማም እንዲህ ባለ መልክ ይመጣል። ቃሉ በላቲን ቋንቋ ተኵላ ማለት ነው። (ለእኛ አገር ሰው ጅብ ቢሉት ኖሮ ፍርሃቱ ይበልጥ በገባው ነበር።) በሰውነታችን ውስጥ ከውጭ የሚገባውን የበሽታ ተሐዋስ የሚዋጋ ዘበኛ አለ። በዚህ ሕማም ጊዜ ዘበኛው ሌባውን ከባለቤቱ መለየት ተስኖት በገዛ ጌታው ላይ ይነሣል፤ መገጣጠሚያን፣ ቆዳን፣ ኵላሊትን፣ አንጎልንም ሳይቀር ይወጋል። ከሕሙማኑ ከ10ሩ 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከ15 እስከ 45 ዓመት ባለው ዕድሜ ይያዛሉ። ይህም ልጅ የሚወለድበት፣ ቤት የሚቀናበት ዘመን ነው።

በቪየና ይሠራ የነበረው ሐኪም ሞሪትዝ ካፖሲ፣ ሕማሙ ከቆዳ አልፎ መላውን ሰውነት እንደሚጎዳ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. ጽፏል። የልቡናው ድካም ግን ለረጅም ጊዜ የሚገባውን ያህል አልታየም ነበር። በ1999፣ ያውም በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ ሉፐስ በአንጎልና በነርቭ ላይ የሚያመጣቸውን 19 ዓይነት ችግሮች ዘረዘረ፤ የማሰብና የማስታወስ መድከምም ከእነዚሁ እንደ አንዱ ተቈጠረ።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በአንዳንዶቹ ደማቸው ረግቶ የአንጎልን ቀጫጭን ሥሮች ይዘጋል፤ በሌሎቹ የሰውነቱ ቍጣ ራሱ አንጎልን ያውካል። በዚህ ላይ የሌሊት ሕመም የነሣው እንቅልፍ፣ የደም ማነስና ኀዘን ይጨመራሉ። ለማዳን የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን እንኳ መጠኑ ሲበዛ እንቅልፍ ይነሣል፣ መንፈስንም ያናውጣል። ዝንጋዔውም ቢሆን እንደ አረጋውያን ዝንጋዔ አይደለም። ሽማግሌው ያለፈውን ሲያወሳ የዛሬውን ይረሳል፤ ሕመምተኛይቱ ግን ብዙ ጊዜ የምትቸገረው ዐሳቧን ሰብስባ በመያዝ፣ ቃል ፈልጎ በማግኘት፣ ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ በመሥራት ነው። አንድ ሳምንት ይሻላታል፣ በሚቀጥለው ይብስባታል። ቤተ ሰብንም የሚያሳስተው ይኸው ነው፤ «ትናንት ደኅና አልነበርሽም?» ይባላልና።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ለመርሳት መድኃኒቱ አብሾ ነው ሲባል ሰምተናል። አጠፋሪስ ከሚባለው ተክል ይዘጋጃል የሚባለው ይህ መጠጥ ትምህርት ይገልጣል እየተባለ ስንቱን ተማሪ እንዳሳበደ የሚተርክ አይጠፋም። አጠፋሪስ ጤነኛውን አንጎል እንኳ የሚያደናግር መርዝ ነውና ለታመመው ማቅረብ በእሳት ላይ ቅቤ መጨመር ነው።

የታወቀው መድኃኒት ለቈላው ሰው እንግዳ አይደለም። በቦርከና ዳርና በጨፋ ሜዳ የሚኖር ሁሉ የወባውን ክሎሮኪን ያውቃል፤ የእርሱ ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ዛሬ የሉፐስ ሕክምና ዋና ምሰሶ ነው። በየቀኑ ይዋጣል፤ ዐይንንም በየጊዜው ማስመርመር ያሻል። ፕሬድኒሶሎንን ግን ሻል አለኝ ብሎ በድንገት ማቋረጥ ሰውነትን ድንገት ሊጥል ይችላል፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል እንጂ። ወደ ጸበል ስንሄድ መድኃኒቱን ጥለን የምንሄድ አለን። ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይኸው ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በ1999 ዓ.ም. በግልጥ ተናግረዋል። ለዚህኛውም ሕማም ነገሩ የተለየ አይመስለኝም።

የሚረሳ ሁሉ ሉፐስ አለበት ማለት አይደለም። ሰውነት የአንገትን ዕጢ ሲወጋና ዕጢው ሥራውን ሲያቀዘቅዝ ልቡና ይፈዛል፣ ሰውነት ይበርደዋል፣ ይወፍራልም፤ ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒንም ይረዳል። ትኵሳት ያለበት ሰው ድንገት ቢቀባዥር ደግሞ በእኛ ቈላ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ወባ ነውና በዚያው ሰዓት ደሙ ይታይ። የሚጥል በሽታ፣ የአንድ ወገን መስነፍ፣ የሌለ ነገር ማየትም እስከ ነገ የሚቈዩ አይደሉም።

በቤት ውስጥ ደብተርና እርሳስ ከስድብ የበለጠ ይሠራሉ። የዱቤው ሒሳብ ይጻፍ፤ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ባንድ ቦታ፣ ባንድ ሰዓት ይወሰድ፤ ድስት በተጣደ ጊዜ ሌላ ሥራ አትታዘዝ። ፀሐይ ሕማሙን ይቀሰቅሳልና ወደ ገበያ ስትወጣ ጃንጥላና እጀ ረጅም ቀሚስ አይለያት። ባል ሆይ፤ ወደ ደሴ ሆስፒታል ስትወስዳት አብረሃት ግባ። እርስዋ የረሳችውን አንተ ትናገራለህ፤ መርሳቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ ሽፍታው መቼ እንደ ወጣ፣ ያስወረዳት ፅንስ ካለም፣ የምትወስደውን ክኒን ሁሉ ከነመያዣው አሳይ። ሽንቷም ይመርመር፤ ኵላሊት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ነውና። የመገጣጠሚያና የዚህ ሕማም ልዩ ሐኪሞች በአገራችን እጅግ ጥቂቶች ስለ ሆኑ አንዳንዱ ምርመራ እስከ አዲስ አበባ ያስኬዳል፤ የመንገዱ ገንዘብ ከአሁኑ ይታሰብበት።