ካርታው በማን ስም ነው?



ይህን ርዕስ ለረጅም ጊዜ ስሸሸው ቆይቻለሁ። ስለ ፍቺ መጻፍ ፍቺን እንደ ማበረታታት የሚቆጥሩት ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። እግዚአብሔር መፋታትን እንደሚጠላ በትንቢተ ሚልክያስ ምዕራፍ 2 ላይ ተጽፏል፤ ባለቤቴም በየሰርጉ ይሰብከዋል። በዚያው ምዕራፍ እግዚአብሔር የሚወቅሰው የልጅነት ሚስታቸውን የከዱትን ወንዶች መሆኑን ግን ፈጠን ብለን እናልፈዋለን። እኔም ራሴ አልፌዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ከዚያ ጥፋቴ ተነሥቼ ነው።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት እዚሁ አዳማ ነው። አንዲት እህትና ባለቤቷ 17 ዓመት አብረው ኖረው መስማማት አቃታቸው። እርሱ በአይሱዙ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ እርሷ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ቤት ሠርተዋል። የቤቱ ካርታም የመኪናው ሊብሬም በእርሱ ስም ነው። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ እኛ ሳሎን ተቀመጡ። ለማስታረቅ ደክመዋል፣ ጾመውማል፤ ይህን ልክድ አልችልም። እርቁ አልሆን ሲል ግን ነገሩ ወደ ንብረት ዞረ። ባልየው «ካርታው በእኔ ስም ነው፣ መኪናውም በእኔ ስም ነው፤ የእርሷ የሆነውን አሳዩኝ» አለ። መልስ ያለው ሰው አልተገኘም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እርሷ ዞር ብለው «እህቴ፣ ንብረት ጠፊ ነው። የገዛ ባልሽን በማያምኑ ሰዎች ፊት አትክሰሺ። ለጌታ ተዪው፣ እርሱ አብዝቶ ይሰጥሻል» አሏት። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ከሁሉም ጎላ ያለው «አሜን» የእኔ ነበር። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ፈረመች፣ ሁለት ልጆቿንና አንድ ሻንጣ ይዛ ሻሸመኔ እህቷ ዘንድ ሄደች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለአገልጋይ ሚስቶች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ አንዲት የሕግ ባለሙያ ስለ ቤተሰብ ሕግ አስተማረችን። በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የጋራ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ማስረዳት ያለበት «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው አለችን። ማስታወሻ መጻፌን አቆምኩ። ሳሎናችን ውስጥ «እስቲ አሳየን» መባል የነበረበት እርሱ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ የጋራ ንብረቱን አስተዳደር በአብዛኛው ለእርሱ ይሰጥ ነበር። የፍቺውም ጉዳይ የሚታየው በቤተ ዘመድ ዳኞች ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንድና ሴት ሲጋቡ፣ በትዳር ሳሉና ሲፋቱ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዚህ ብዙ ደክሟል። ኦሮሚያ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 69 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ፤ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 83 አሻሻለው። እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው አንቀጾች የፌዴራሉ ናቸው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ ጉዳይ ያላችሁ የክልሉን ሕግ ከሕግ ባለሙያ ጋር ሆናችሁ ተመልከቱ፤ በጋራ ንብረት ረገድ ዋናው ሐሳብ አንድ ነው።

ብዙዎቹ ሽማግሌዎቻችን ግን ዛሬም በ1952ቱ ሕግ ውስጥ የሚኖሩ ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያን ስታጋባ ሕጉ ይቀበላታል፤ ፍቺን መወሰን ግን የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ፍቺ አይደለም። በሌላ በኩል «ተለያይተናል እንጂ አልተፋታንም፣ በወረቀት አሁንም ሚስቱ ነኝ» ብላችሁ ለዓመታት የተቀመጣችሁ እህቶች አላችሁ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 በሰጠው ውሳኔ፣ ባልና ሚስት ለረጅም ዘመን ተለያይተው ለየብቻ ኑሮ ከመሠረቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው እንደ ፈረሰ ሊቆጠር እንደሚችል አሳይቷል። ዝም ብሎ መቆየት ዋስትና አይሆንም።

የማን ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ ንብረት፣ ከጋብቻም በኋላ ለአንዳችሁ ብቻ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ንብረት የግል ነው። ደመወዝ፣ የንግድ ትርፍ፣ ከዚያ የተጣለ እቁብ፣ በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ነገር ሁሉ የጋራ ነው። እህቶች ሲሰሙ የማይወዱት አንድ ነገርም አለ፦ ከአባትሽ የወረስሽው ቤት የግልሽ ነው፤ በትዳር ሳለሽ ከቤቱ የምትሰበስቢው ኪራይ ግን የጋራ ነው። የግል ንብረት ተሽጦ በምትኩ ሌላ ሲገዛ ደግሞ አዲሱ ንብረት የግል ሆኖ እንዲቀጥል ፍርድ ቤት ጠይቆ ማስወሰን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም፤ ኋላ ሲጣላ ያለቅሳል።

የጋራው የሚካፈለው እኩል ነው። ደመወዝ አምጥታ የማታውቅ የቤት እመቤትም ግማሽ አላት። የበደለው ወገን ድርሻውን አያጣም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «አመንዝሯልና ባዶውን ይውጣ» ሲሉ እሰማለሁ፣ ሕጉ እንዲህ አይልም። ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ ፍርድ ቤቱ ለፍቺው ምክንያት የሆነውን ወገን ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል፤ ያ ግን ከክፍፍሉ የተለየ ነው። በገጠር ያላችሁ ደግሞ የምትካፈሉት መሬቱን ሳይሆን የይዞታ መብቱን ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 የጋራ ይዞታ ማረጋገጫ ላይ የባልም የሚስትም ስም እንዲሰፍር አዟል። ደብተራችሁን አውጡና አንብቡት። (እኛ የአገልጋይ ቤተሰቦች የምንኖረው በቤተ ክርስቲያን ቤት ስለ ሆነ የምንካፈለው ሶፋና ድስት ነው፤ ይህም አንድ በረከት ነው።)

አሁን ወደ መኪናው ልመልሳችሁ። ያ ባል እህታችን ከወጣች በአራተኛው ወር አይሱዙውን ለወንድሙ ሸጠው። በአንቀጽ 68 መሠረት የጋራ ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለማስያዝ፣ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ስምምነቷ ተሽጦባት ከሆነ ፍርድ ቤት ውሉን እንዲያፈርስላት መጠየቅ ትችላለች። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ ባታውቅም እንኳ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት። እህታችን መሸጡን በዚያው ወር ሰምታ ነበር። ለጌታ ትታ ነበርና ዝም አለች።

ስለዚህ ክርክሩ ገና ሲጀመር ፍርድ ቤት ማመልከት ይጠቅማል። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ አያያዝ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ትእዛዝ ይሰጣል። ቤቱ ወይም መኪናው እንዳይሸጥ፣ የባንክ ገንዘቡም እንዳይወጣ እግድ መጠየቅ ይቻላል። በኦሮሚያ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የማትችሉ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ዕዳ ከክፍፍሉ በፊት ስለሚከፈልም ነቅታችሁ ጠብቁ። ፍቺ ሲሸት ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ የብድር ወረቀት ብቅ ይላል፤ አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የአጎት ልጅ ነው። ለቤተሰቡ ጥቅም የተበደራችሁት የሁለታችሁ ዕዳ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ግን ፍርድ ቤት እንዲመረምረው ጠይቁ።

ወደ ዓረብ አገር ሄዳችሁ ለምትሠሩ እህቶች ደግሞ ይህን ልጨምር። ከዚህ ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሄዱ ብዙዎች ለባል ገንዘብ እየላኩ ቤት ያሠራሉ፤ ሲመለሱ ካርታው በባል ወንድም ስም ነው። በባልሽ ስም ቢሆን ሕጉ ይገምትልሻል፤ በሌላ ሰው ስም ሲሆን ግን የማስረዳቱ ሸክም ወደ አንቺ ይዞራል። ያኔ የሚያድንሽ የሐዋላ ደረሰኝ ነው። አንድም ሳትጥዪ አስቀምጪ። ውክልናም ስትሰጪ አንብቢ፦ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፣ ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል በመካከል ገብቶ ከሆነ ፊርማሽን ያዥ። የሰጠሽውንም መሻር ትችያለሽ።

ወንድሞች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወርቅ እናቷ ቤት የምታስቀምጥ፣ እቁብ ደርሷት «አልደረሰኝም» የምትል እህት አለች። ሐናንያና ሰጲራ ቢያንስ ተማክረው ነበር የደበቁት።

አሁንም «ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ላይ ወንድም ወንድሙን አይክሰስ ብሏል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እስከ መጨረሻው እናንብበው። ጳውሎስ የሚያዝነው በወንድሞች መካከል መዳኘት የሚችል አንድ ጠቢብ በመጥፋቱ ነው፤ ዝቅ ብሎም ወንድሞቻቸውን የሚበድሉትንና የሚያታልሉትን ይወቅሳል። እኛ ግን መበደልን ተቀበሉ የሚለውን ለእርሷ ስናነብ፣ አታታልሉ የሚለውን ለእርሱ አላነበብንም። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆችም በዘኍልቍ 27 በሙሴና በአለቆቹ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት ሲጠይቁ ማንም ሥጋውያን ናችሁ አላላቸውም፤ እግዚአብሔር ራሱ ልክ ናቸው አለ።

ያለ ጠብ የሚሄዱበት መንገድም አለ። በአንቀጽ 77 መሠረት ባልና ሚስት በስምምነት ሲፋቱ የንብረቱንና የልጆቹን ጉዳይ አብረው ተስማምተው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱም እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። የሽማግሌዎች ቦታ እዚህ ጋ ነው፦ ሁለቱም ካርታውን፣ ሊብሬውን፣ የባንክ ደብተሩን፣ የዕዳውን ወረቀት ይዘው እንዲመጡ ማድረግና ዝርዝሩ እውነት መሆኑን መመርመር። በሰላም ያላችሁም የእነዚህን ሁሉ ኮፒና የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ሁለታችሁም በምታውቁት ቦታ አስቀምጡ። ሞትም ቢመጣ ያስፈልጋል።

ከሥልጠናው በኋላ ሻሸመኔ ሄጄ ያቺን እህት ይቅርታ ጠየቅኋት። ቡና እያፈላች ሰማችኝና «እትዬ፣ እኔ እናንተን ይቅር ካልኩ ቆየሁ። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ግን ማን ይክፈል?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። በወሩ አዳማ መጥታ የፍቺና የክፍፍል አቤቱታ አቀረበች። ባልየው ያቺን የእኛን ቃለ ጉባኤ አቀረበ፤ በጋብቻ ውስጥ በባልና ሚስት መካከል የሚደረግ ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውምና አልረዳውም። የመኪናው ሽያጭ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ የተሸጠበት ዋጋ ግማሽ ብቻ ታሰበላት፣ ያም ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ስለ ቤቱ «ሳላገባት በፊት የሠራሁት ነው» ብሎ ተከራከረ። «ለጌታ ተዪው» ያሏት ሽማግሌ በምስክርነት ስትጠራቸው ቀረቡ፤ ብሎኬቱ ሲራገፍ እዚያው እንደ ነበሩ፣ የተከፈለውም ከእንጀራው ገንዘብ እንደ ነበር ተናገሩ። ቤቱ ተሸጠ፣ የባንኩ ዕዳ ተከፈለ፣ የቀረው ለሁለት ተከፈለ።