የእንግዳው መምህር ማስታወሻና የአስተናጋጁ ዝምታ

ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በአየር ጤናና በካራ ቆሬ በኩል ከአዲስ አበባ የሚወጣው የጅማ መንገድ ኮልፌ ቀራኒዮን አቋርጦ ወደ ወሊሶ ያመራል። እ.ኤ.አ. በ1962 በዚህ አቅጣጫ ከተመደቡት ጀማሪ መምህራን አንዱ አሜሪካዊው ፖል ሶንጋስ ነበር። ከኮሌጅ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ በዚያን ጊዜ ጊዮን ትባል በነበረችው ወሊሶ ማስተማር ጀመረ፤ እስከ 1964ም በዚያው ቆየ። ኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1992ም ለፕሬዚዳንትነት የፓርቲውን ዕጩነት ለማግኘት ተወዳደረ። የኢትዮጵያ ቆይታውንም የሕይወቱ መሠረታዊ ምዕራፍ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ወሊሶ ለሶንጋስ ምን እንደነበረች በዚህ መጠን እናውቃለን። ሶንጋስ ለወሊሶ ተማሪዎች፣ ለሥራ ባልደረቦቹና ለጎረቤቶቹ ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ተመራማሪ ግን የምንሰጠው ምንጭ የትኛው ነው? ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ሶንጋስ ብቻውን አልመጣም። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ከ270 የሚበልጡ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ገብተዋል። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። ከመምጣታቸው በፊት በዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛን ጨምሮ አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸዋል። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ ለብዙዎቹም የመጀመሪያው የማስተማር ሥራቸው ይኸው ነበር። በዚያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ ታሪክ ወይም ሒሳብ እንዲያስተምር የተመደበውም ቢሆን በተግባር የእንግሊዝኛ መምህር መሆኑ አልቀረም።

የእነዚህ ሰዎች መላመድ በብዙ ማስታወሻዎች፣ ደብዳቤዎችና መጻሕፍት ሰፍሯል። ጽሑፎቹ ዋጋ አላቸው፤ ነገር ግን የተጻፉት በእንግዳው ብዕርና በእንግዳው ቋንቋ ነው። በእነርሱ ውስጥ ኢትዮጵያዊው የሥራ ባልደረባ፣ አከራዩ፣ ምግብ አብሳይዋና ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የትዕይንቱ ዳራ ሆነው ይቀራሉ። አንድ መምህር በባዕድ አገር «ተላመደ» የምንለው ግን ብቻውን ስለበረታ አይደለም፤ ያላመዱት ሰዎች ስላሉ ነው። የእኔ ክርክር፣ መላመድን የእንግዳው የግል ጀብዱ አድርጎ ማጥናት የጉዳዩን ግማሽ መተው ነው የሚል ነው።

ኮልፌ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በዚሁ በኮልፌ የፖሊስ ካምፕ ነው። ስድስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥልጠና ሳያበቃ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ዓለም ይህን ቆይታ በዋናነት የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ከታተመው የሕይወት ታሪካቸው ነው። እንግዳው ተማሪ ይሁን መምህር፣ ትረካው የሚደርሰን በእርሱ በኩል ነው።

አስተናጋጁ የሚያውቀው ነገር ቀላል አይደለም። ለአዲስ መጤው መምህር የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑን የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል፤ አለዚያ የመጀመሪያው የስም ጥሪ ራሱ ግራ ያጋባዋል። ተማሪው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እ» ሲል መደንገጡ ሳይሆን «አዎን» ማለቱ እንደሆነ የሚነግረውም ያሻዋል። ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ዝም የሚሉት ስላልገባቸው ነው ወይስ ታላቅን ስለሚያከብሩ? ይህን የሚለይለት በአጠገቡ ያለው ኢትዮጵያዊ መምህር ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሱ የማስተማር ሥራው በዚህ እውቀት ላይ ይቆማል። በአማርኛ እርግጠኝነትን የሚያመለክተው ምዕላድ በስሙ መጨረሻ ይለጠፋል፤ «መጽሐፍ» «መጽሐፉ» ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው በእንግሊዝኛ ከስም በፊት የሚመጣውን መስተአምር ሲዘነጋ ስንፍና አይደለም፤ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው የመጣ ልማድ ነው። «ስኩል» ማለት ሲገባው «እስኩል» ቢልም ምክንያቱ የአማርኛ የድምፅ ሥርዓት ነው። እንግሊዝኛን ከልጅነቱ የተናገረ ጀማሪ መምህር ስሕተቱን ወዲያው ይሰማል፤ ምንጩን ግን አያውቅም። ምንጩን የሚያውቀው እንግሊዝኛን ራሱ ለፍቶ የተማረው ባልደረባው ነው።

እንግድነት የውጭ ዜጋ ዕጣ ብቻ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይላኩ ነበር፤ ብዙዎቹም ያስተምሩ ነበር። ቋንቋውን ወደማያውቁት አካባቢ የተላኩት በገዛ አገራቸው እንግዶች ነበሩ። የሁለቱን ጀማሪዎች ልምድ ከአንድ ትምህርት ቤት አስተናጋጆች አንደበት አነጻጽሮ ማጥናት፣ ከባድ የሆነው ባዕድነት ነው ወይስ ጀማሪነት የሚለውን ለመለየት ይረዳል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሡ ይሆናል። የመጀመሪያው፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚነገር ትዝታ አይታመንም የሚል ነው። እውነት አለው፤ ሆኖም ማስታወሻ ጸሐፊውም ቢሆን የመረጠውን ነው ያቆየልን። ሁለቱም እርስ በርሳቸውና ከትምህርት ቤት መዛግብት ጋር መመዛዘን አለባቸው። ሁለተኛው፣ የአስተናጋጅን ትዝታ መሰብሰብ ለውጭ ድርጅት ምስጋና ማቅረብ ነው የሚል ነው። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። የተማሪዎች ንቅናቄ ሲግል የሰላም ጓድ መምህራን የአሜሪካ ፖሊሲ ወኪሎች ተብለው በብርቱ ተተችተዋል። መምህሩን የሚወደው ሰልፈኛ ተማሪ በልቡ ምን ይሟገት ነበር? ይህን የእንግዳው ማስታወሻ ሊነግረን አይችልም። የአስተናጋጁ ቃል ውዳሴም ወቀሳም ሊሆን ይችላል፤ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከኮልፌ ቀራኒዮ እንጀምር። የአየር ጤናንና የቤቴልን መንደሮች ቤት ያቆሙት ቤተሰቦች ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ናቸው፤ በመካከላቸውም ጡረታ የወጡ መምህራን ይኖራሉ። የቋንቋ፣ የታሪክና የሥነ ትምህርት ተማሪዎች በቡድን ሆነው፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ ቃላቸውን ሰዎቹ በመረጡት ቋንቋ ይቅዱ። ጥያቄው «ፈረንጁ እንዴት ነበር?» ብቻ አይሁን፤ «እርስዎ ምን አስተማሩት? ምን አልሰማዎትም?» የሚልም ይሁን። ግኝቱም ነገ ከውጭም ሆነ ከሌላ ክልል የሚመጣን ጀማሪ መምህር ከነባር መምህር ጋር ማጣመር በምን መልክ እንደሚሠራ ያሳየናል።

ይህን ለሚቀጥለው ዓመት ማሳደር ግን አይቻልም። በ1955 ዓ.ም. የ15 ዓመት ተማሪ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ 80 እየተጠጋ ነው፤ በዚያው ዓመት የ25 ዓመት መምህር የነበረው ደግሞ 85ን አልፏል። የእንግዶቹ ደብዳቤ በቤተ መዛግብት ተቀምጧል፤ ሊቆየን ይችላል። የአስተናጋጆቹ ቃል ግን የተቀመጠው በሰዎቹ ዘንድ ብቻ ነው።