የይሁዳ አንድ ዓይን

ሥዕል ስናይ ታሪኩን እንጠይቅ ወይስ መስመርና ቀለሙ ይበቃናል? እንግሊዛዊው ሐያሲ ክላይቭ ቤል እ.ኤ.አ. በ1914 «አርት» በተሰኘው መጽሐፉ ሳያወላውል መልሷል። ሐጊያ ሶፊያን፣ የሻርትር ካቴድራልን የመስኮት መስተዋቶች፣ የፋርስን ጎድጓዳ ሳህንና የሴዛንን ሥዕሎች አንድ የሚያደርጋቸው ቅርጻቸው ነው ይላል። መስመርና ቀለም ሲዋደዱ ልዩ የውበት ስሜት ይቀሰቅሳሉ፤ ለዚህም ተመልካቹ ከኑሮው ምንም ይዞ መምጣት አያሻውም ባይ ነው።

ቤል ከፊል እውነት ይዟል። ዊልያም ፍሪዝ በ1862 ባጠናቀቀው የፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ ሥዕል ውስጥ ተሰናባቹ፣ ሻንጣው፣ ተጠርጣሪ የሚይዙት መርማሪዎች ሁሉ አሉ። ቤል ግን የዘመኑን ኑሮ የሚያሳይ ሰነድ እንጂ ጥበብ አይደለም አለው። ፍርዱ ቢከርም ቁም ነገር አለው። እኛም ዘንድ ርእሱ ዐድዋ ስለሆነ ብቻ የሚጨበጨብለት ሥዕል ሞልቷል፤ የርእስ ትልቅነት የእጅን ድክመት አይሸፍንም።

የማልስማማው «ምንም ይዘህ አትምጣ» በሚለው ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በሐዋርያት መካከል ይሁዳ ፊቱን አዙሮ ሲቀመጥ፣ ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ወደ ጎን የዞረ ራስ ብቻ ያያል፤ የሚያውቅ ግን የተነፈገ ዓይን ያያል። መስመሩ ያው ሆኖ ሳለ የሚታየው ተለያየ። እውቀቱ ኋላ የተለጠፈ ማብራሪያ ሳይሆን የማየቱ አካል ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኬንዳል ዋልተን በ1970 ይህንኑ በምናባዊ ምሳሌ አስረዳ። ሥዕል የሌለው፣ ነገር ግን የፒካሶን «ጌርኒካ» ቀለምና ቅርጽ ይዘው ገጻቸው ወጣ ገባ የሆነ ሥራዎችን የሚሠራ ማኅበረሰብ አለ እንበል። ለእኛ የሚያስደነግጠው የፒካሶ ሥራ ለእነሱ ዝርግ በመሆኑ ቀዝቃዛና ሕይወት አልባ ይሆንባቸዋል። ዓይን የለመደውን ዘርፍ ይዞ ነው የሚፈርደው።

ስለዚህ ኤግዚቢሽን ስትገቡ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ በፊት ሥዕሉን እዩ። ከዚያ ጠይቁ፣ አንብቡ፤ ተመልሳችሁም እዩ። ያነበባችሁት መስመሩና ቀለሙ ላይ ከታያችሁ ሠዓሊው ሥራውን ሠርቷል። ወረቀቱ ላይ ብቻ ከቀረ ግን ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።