ከወለዱ በፊት ቅርንጫፉን እዩ

ነቀምቴ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ልጆች «የትኛው ባንክ ይሻለናል?» ሲሉ ቀድመው የሚያነሡት ወለድን ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ካደረገው ወዲህ ግን ትንሽ ለሚቆጥብ ሰው በወለድ ማማረጥ ብዙም አያዋጣም። 10,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ቢቀመጥ በዚህ ስሌት የሚያስገኘው 700 ብር ነው፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር።

እኔ የምጠይቃቸው ሌላ ነው፦ ቤተሰቦቻችሁ የት ናቸው? ደምቢ ዶሎ? ጊምቢ? ሻምቡ? አባት ቡናውን ሸጦ ለልጁ ብር የሚያስገባው እዚያው ከሚኖርበት ከተማ ነው። ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የሚመጡ፣ ቅጹን አጠገባቸው የቆመ ተማሪ የሚሞላላቸው እናትም አሉ። እዚያ ቅርንጫፍ የሌለው ባንክ ነቀምቴ ላይ ሕንፃው ቢያምር ለእሳቸው ምን ይፈይዳል?

በስልክ ይተላለፋል ትሉኝ ይሆናል። ይተላለፋል፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ። በ2012 ዓ.ም ከታኅሣሥ ማገባደጃ እስከ መጋቢት በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። በ2011 ዓ.ም ደግሞ በምዕራብና በቄለም ወለጋ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘርፈዋል። ቅርንጫፍ ስለተዘረፈ የቆጣቢው ሒሳብ አይጠፋም፤ በሩ ሲዘጋ ግን ደብተር የያዘውም ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ የወለጋ ልጅ ሁለት ሒሳብ ቢኖረው እመክራለሁ፦ አንዱ ወላጆቹ ከተማ ቅርንጫፍ ያለው፣ ሌላው የስልክ አገልግሎቱ የተሻለና በአፋን ኦሮሞም የሚሠራ።

የዘመድ ጉዳይም አለ። ባንክ የሚሠራው የአጎት ልጅ «ኮታ አለብኝ፣ እኛ ጋ ክፈትልኝ» ይላል። ክፈቱለት፣ ዝምድና ነው። ደመወዛችሁ የሚገባበትን ሒሳብ ግን ለይሉኝታ አትስጡ።

አንድ ነገር አደራ፦ ሒሳቡን ስትከፍቱ ስማችሁ በፋይዳ መታወቂያችሁ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ይመዝገብ፤ የምትሰጡት ስልክ ቁጥርም በራሳችሁ ስም የወጣ ይሁን። በወንድም ስም በወጣ ሲም የተከፈተ የስልክ ባንክ፣ ሲሙ የጠፋ ዕለት፣ ባለቤቱን ራሱን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያንከራትታል።