ጨው ውስጥም ክሎሪን አለ፣ ታዲያስ?

ባለፈው አርብ ቡና ላይ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ ብዬ ስናገር አንዷ እህታችን «ጨው ውስጥም ክሎሪን አለ ይባላል፤ በየቀኑ እየበላነው አይደል እንዴ?» ብላ አሳቀችን። እኔም ሳቅኩ። ግን ነገሩ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም።

እኔ አስረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ከኬሚስትሪ ብዙ አልቀረኝም፤ ይቺን ግን አልረሳኋትም። ንጥረ ነገር ማለት ከአንድ ዓይነት አቶም ብቻ የተሠራ ነው፤ እንደ ንጹህ ወርቅ። ውህድ ደግሞ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ተያይዘው የሚፈጥሩት ሌላ ነገር ነው። «ሌላ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ሶዲየም ለብቻው ውሃ ሲነካው የሚንጣጣና የሚቀጣጠል ለስላሳ ብረት ነው። ክሎሪን ለብቻው መርዘኛ ጋዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ በጦርነት ሰው ገድለውበታል። ሁለቱ ሲዋሃዱ ግን ወጥ ላይ የምንጨምረው ጨው ይሆናሉ።

(የምንገዛው ባለ 21 ካራት ወርቅ ውህድ አይደለም፣ ድብልቅ ነው። 875 የሚለው ማህተም ከሺህ እጅ 875ቱ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ የቀረው እንደ መዳብና ብር ያለ ነው። ወርቁ እዚያም ውስጥ ሆኖ ያው ወርቅ ነው።)

በረኪናም ሶዲየም፣ ኦክስጅንና ክሎሪን ያሉበት ውህድ በውሃ ተበጥብጦ ነው። ችግሩ እንደ ጨው የረጋ አይደለም። አሲድ ሲነካው ክሎሪኑ ተላቆ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ኮምጣጤም ሎሚም አሲድ ናቸው። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል።

በመጣሁበት ዓመት ማዳሜ ቆሻሻው ቶሎ እንዲለቅ ሁለቱን ቀላቅዪ አለችኝ። መስኮት የሌለው ሽንት ቤት ነበር። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ሳሉ ለሦስት ቀን አልለቀቀኝም። እኔ ብርድ መቶኝ ነው ብዬ ዝንጅብል አፈላ ነበር! ሰበቡን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ግን ጥፋቱ የማዳሞች ብቻ ነው አልልም። ሥራ ቶሎ ይለቅልን ብለን ማንም ሳያዘን የምንቀላቅለው እኛው ነን። ሲቀላቀል ይጠነክራል የሚለው ወሬ ውሸት ነው፤ በረኪናው አሲድ ሲነካው ይበላሻል እንጂ።

«እምቢ ካልኩ ትቆጣለች» ላላችሁኝ፣ እምቢ አትበሉ። ዛሬ በአንዱ እጠቡ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ ሌላውን ነገ። ከጠየቀች ጠርሙሱን አሳይታችሁ «ማዳም፣ ኸጠር» በሏት፤ አብዛኛው ጠርሙስ ላይ ከሌላ ጋር አትቀላቅሉ ተብሎ በአረብኛ ተጽፏል፣ ራሷ ታንብበው። ድንገት ተቀላቅሎ ከሸተታችሁ ግን ልጥረገው ሳትሉ ሁሉን ትታችሁ ውጡ፣ ንጹህ አየር ያለበት ሂዱ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በሉ።

በሚቀጥለው አርብ ቤታችሁ ያሉትን ጠርሙሶች ጽሑፉ እንዲታይ አድርጋችሁ በስልክ አንስታችሁ ኑ። ቡናው እስኪፈላ አብረን እናነበዋለን።